«ሲስተሙ አይቀበልም» ሲባል ያልተቀበለው ማን ነው?

ኮደር_ከጉለሌ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ብዙውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን የምለው አለኝ፤ ረዘም ስለሚል ታገሡኝ።

ባንክ፣ ወረዳ፣ ሆስፒታል ወይም ትምህርት ቤት ሄዶ «ሲስተሙ አይቀበልም» ያልተባለ ሰው በከተማችን ያለ አይመስለኝም። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ታዝናለች፣ ግን የምታደርገው የላትም። ባለጉዳዩም ዝናብ እንደያዘው ሰው ሰማይ ሰማዩን አይቶ ይመለሳል። ማንም አይጠየቅም።

እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመሥራት ነው። ስለዚህ በግልጽ ልናገር። ሲስተም በራሱ ፈቃድ ሰው አይመልስም። አንድ ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ «ይህ ሳጥን ባዶ ከሆነ አታሳልፍ» የሚል መስመር ጽፏል። ከጻፈው ሰው ጀርባ ሥራውን ያዘዘና አይቶ የተረከበ መሥሪያ ቤት አለ። ባለጉዳዩን የመለሰው ውሳኔ ነው። ውሳኔ ከሆነ ደግሞ የሚጠየቅበት ሰው ይኑረው ነው የምለው።

ስምን እንይ። የእኛ ሰው የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የአያቱ ስም አለው። አለቀ። ባልና ሚስት በስም አይገናኙም። አባትና ልጅም የመጨረሻ ስማቸው አንድ አይደለም። ከውጭ የመጣው ፎርም ግን «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች ይዞ ይመጣል። እኛ ፊደሉን ወደ አማርኛ እንለውጥና እንዳለ እንተክለዋለን። ከዚያ ለምሳሌ ሰብለ ተስፋዬ የምትባል ሴት «ውድ ወ/ሮ ተስፋዬ» የሚል መልእክት ይደርሳታል። ተስፋዬ አባቷ ናቸው! አገሩ ሁሉ ወ/ሮ ሰብለ ነው የሚላት፤ እዚሁ አገር የተሠራ ሲስተም ግን በአባቷ ስም ይጠራታል።

የስም ርዝመትም አለ። ባይት የኮምፒውተር ቦታ መለኪያ ነው። ዩቲኤፍ ስምንት በሚባለው የተለመደ የፊደል ማስቀመጫ ዘዴ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ይይዛል፣ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። ፕሮግራመሩ ለስም 20 ባይት መድቦ ከሆነ የሚገባለት 6 ፊደል ብቻ ነው። «ወልደገብርኤል» ሲመዘገብ «ወልደገብር» ሆኖ ይቀራል። ሰውየው ይህን የሚያውቀው ከወራት በኋላ ሌላ ቢሮ ሄዶ «ስምዎ አይመሳሰልም» ሲባል ነው። ከዚያ ፍርድ ቤት፣ ምስክር፣ ውክልና። አንድ ሰው ቁጥሩን 20 ብሎ ከማለፉ በፊት አንድ ረጅም ስም ቢሞክር ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር።

አንዳንዱ «ይሄ ቴክኒክ ነው፣ ፖለቲካ አታድርገው» ይለኛል። እኔ ፖለቲካ ነው ባይ ነኝ። የዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 ስትራቴጂ በ2012 ጸደቀ። ቴሌብር ግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ። ነዳጅ በጥሬ ገንዘብ መሸጥ ቀርቶ በስልክ ክፍያ እንዲሆን የተደረገው በ2015 ነው። በዚያው ዓመት የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284 ወጣ፤ ፋይዳ በሕግ ቆመ። እነዚህን አልቃወምም። ወረፋ ቀንሰዋል፣ ሰው በመንደሩ ሆኖ ገንዘብ እንዲልክ አድርገዋል። ግን ሁሉም በር ወደ ኮምፒውተር ሲዞር «አይቀበልም» የሚለው መልስ ድሮ ከነበረው በላይ ይከብዳል። ድሮ መዝገብ ቤት ያሉት ሰው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው «በል ጠጋ ብለህ ጻፍልኝ» ይሉ ነበር። አሁን ጠጋ የሚባልበት ቦታ የለም።

እናንተስ የገጠማችሁ ካለ ጻፉ። የድርጅትና የሰው ስም አትጥሩ። ችግሩን ብቻ።


ካርድ_ክፍል

ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ። እኔ በአንድ ሆስፒታል ካርድ ክፍል ነው የምሠራው። የኛን ጉድ ልንገርህ።

አንዲት እናት መጡ። ስማቸው ፀሐይ። የስኳር ታካሚ ናቸው፣ ክትትል ላይ የቆዩ። የቀጠሮ ካርዳቸውን ቤት ረስተውታል፣ ስለዚህ በስም ነው የምፈልገው። «ፀሐይ» ብዬ ጻፍኩ፤ የለም። «ጸሐይ» ብዬ ጻፍኩ፤ የለም። «ፀሀይ» ብዬም ሞከርኩ። ከኋላ ወረፋው ይጮኻል። ሕጉ ካላገኘሽ አዲስ ካርድ አውጪ ነው የሚለው። ሌላዋ ባልደረባዬ መጥታ «ጸሃይ» ብላ ስትጽፍ ወጣ።

ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። ፊተኛው ፊደል ወይ ፀ ነው ወይ ጸ። መካከለኛው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ ሊሆን ይችላል። ሁለት በስድስት፣ አሥራ ሁለት ዓይነት አጻጻፍ! ሁሉም ሲነበብ አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን አሥራ ሁለት ሰው ነው።

አዲስ ካርድ ሲወጣ የሚጎዳው ማን እንደሆነ ሐኪሞቹን ጠይቋቸው። የታካሚው ታሪክ ለሁለት ለሦስት ይከፈላል። አንዱ ካርድ ላይ «ይህ መድኃኒት አለርጂ ያመጣባታል» ተብሎ ተጽፏል፣ ሌላው ላይ የለም። ሐኪሙ የሚያየው የተከፈተለትን ነው። ይሄ የፊደል ክርክር እንዳይመስላችሁ፣ ሰው ሊሞት ይችላል።

የሰዓቱም ነገር አለ። የቀጠሮ መልእክት «8:00» ብሎ ይሄዳል። ታካሚው በኛ ሰዓት ስምንት ነው ብሎ ከምሳ በኋላ ይመጣል። ሐኪሙ የጠበቀው ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው። ከገጠር ሌሊት ተነስቶ የመጣ ሰው «ቀጠሮህ አልፏል» ሲባል ፊቱን ማየት ይከብዳል።


ኮደር_ከጉለሌ

እህቴ፣ ይህን ስለጻፍሽ በጣም አመሰግናለሁ። የፍለጋው መፍትሔ ለፕሮግራመር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የሰውየው ስም እሱ እንደጻፈው ይቀመጣል፣ አይነካም። ከጎኑ ሌላ የማይታይ ዓምድ ይከፈታል። እዚያ ውስጥ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ ሁሉም ሀ ይሆናሉ። ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ጸ ወደ ፀ ይመለሳሉ። ስትፈልጊም የምትጽፊው በዚያው መንገድ ተቀይሮ ይፈለጋል። ሆስፒታላችሁ ሲስተሙን የሠራለትን ድርጅት ይህን እንዲጨምር በደብዳቤ ይጠይቅ። ከባድ ነው ካሉሽ እዚህ ጻፊልኝ፤ ኮዱን በነፃ እሰጣለሁ።

ሰዓቱን ደግሞ ቁጥር ብቻ አድርጎ መላክ መቅረት አለበት። «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ ማንም አይሳሳትም።


መንግሥት_ቤት

እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት አይቲ ክፍል ነኝ። አንተ ያልከው እውነትነት አለው፣ ግን ሸክሙን ሁሉ እኛ ላይ መጣሉ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሥራው እንዴት እንደሚመጣ ላስረዳ። ጨረታ ይወጣል። ዝቅተኛ ዋጋ ያቀረበ ያሸንፋል። አሸናፊው ለሌላ አገር የተሠራ ሶፍትዌር አለው፣ ያንኑ ያመጣል። የርክክቡ ቀን የበጀት ዓመቱ ሳይዘጋ መሆን አለበት፣ ማለትም ሰኔ 30። ሰኔ ላይ ስለ ጳጉሜንና ስለ «ፀሐይ» የሚያነሳ ሰው ሥራ አደናቃፊ ነው የሚባለው። ተረክበን እንፈርማለን። ሐምሌ ላይ ቅሬታው ሲመጣ የጥገና ውል የለም። ገንዘቡም ተከፍሎ አልቋል።

ስለዚህ «ሲስተሙ አይቀበልም» የምትለውን ልጅ ብቻ ሳይሆን ኮዱን የጻፈውንም ልጅ አትውቀሱ። የግዥ ሰነዱን ክፈቱ። «ስም በሦስት ክፍል ይያዝ፣ ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይግባ፣ ፍለጋው የፊደል ልዩነት አያግደው» የሚል ዓረፍተ ነገር ጨረታው ውስጥ ከሌለ ማንም በራሱ ኪስ አይሠራውም።

ሌላም አለ። ድሮ የተጻፈው ፋይላችን ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ በሚባሉ የቀድሞ የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች ነው። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት መለያ ቁጥር ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ እያንዳንዱ ሶፍትዌር የራሱ አመዳደብ ነበረው። ያን ፋይል ዛሬ በአዲስ ኮምፒውተር ስትከፍተው የምታየው የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። የይዞታ፣ የጡረታ፣ የሠራተኛ ማኅደር እንደዚያ ሆኖ የተቀመጠ አለ። ይህን ወደ ዩኒኮድ የመገልበጥ ሥራ ማንም በጀት ይዞለት አያውቅም። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።


ኮደር_ከጉለሌ

ተቀብያለሁ። የግዥ ሰነዱ ዋናው ቦታ ነው። እንዲያውም ከዚህ የውይይት ክር አንድ ነገር ቢወጣ ደስ የሚለኝ ያንተ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ማንም መሥሪያ ቤት ጨረታው ላይ የሚለጥፈው አንድ ገጽ።


ሰላም_ከሜሪላንድ

እኔ ነርስ ነኝ፣ የምኖረው አሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ነው። ስሙ እዚህም ተከትሎን መጥቷል። እኔ፣ ባለቤቴና ልጆቻችን በሦስት ዓይነት «የመጨረሻ ስም» ነው የምንታወቀው። ልጄን ከትምህርት ቤት ላወጣ ስሄድ «እናቱ ነሽ?» ብለው በጥርጣሬ ያዩኛል። ፈረንጅ ነው፣ አላወቀም ብዬ አልፈዋለሁ። ያ አገራቸው ነው፣ ልማዳቸው ነው። እናቴ አዲስ አበባ በራሷ አገር ያንኑ ጥያቄ ስትጠየቅ ግን ያናድደኛል።

ስለ ልደት ቀንም ልጨምር። እዚህ ልደቱ በወረቀት ጃንዋሪ 1 የሆነ አበሻ ሞልቷል። ቀኑን የማያውቅ ነበር፣ ወይም ያወቀውን የሚለውጥለት አልነበረም። ፎርም የሞላለት ሰው «ዓመቱን ብቻ ንገረኝ» አለው፣ ቀሪውን ኮምፒውተሩ ሞላ። ሌላው ደግሞ ከኢትዮጵያው ዓመት ላይ 7 ደምሮ ይጽፋል። ልዩነቱ ግን ከመስከረም እስከ ፈረንጅ አዲስ ዓመት ነው 7 የሚሆነው፤ ከዚያ በኋላ 8 ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ዓመት ያነሰ ወይም የበዛ ሰው አለ። ጡረታው የሚቆጠረው በዚያ ነው። የልጅ መድኃኒት መጠንም እኮ በዕድሜና በኪሎ ነው የሚሰላው።


የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

ልጆች፣ ይህን ክር ደስ እያለኝ ነው ያነበብኩት። አሁን ሶፍትዌር እየፈተሽኩ ነው የምኖረው፣ በልጅነቴ ግን ጎጃም ቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ባሕረ ሐሳብ፣ የቤተ ክርስቲያኑን የዘመን አቆጣጠር ስሌት፣ የተማርኩት እዚያ ነው። ፕሮግራመሮች ስለ ጳጉሜን ሲጨነቁ ሳይ መልሱ ቤታችን እንደተቀመጠ ልንገራችሁ ብዬ ነው።

2015ን ውሰዱ። 5500 ስትደምሩበት 7515 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ለ4 አካፍሉት፤ 1878 ይደርሳል፣ 3 ይተርፋል። ያ 1878 መጠነ ራብዒት ይባላል። ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ከሌለ ዮሐንስ ነው። ስለዚህ 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፣ በሉቃስ ጳጉሜን 6 ትሆናለች። አሁን 7515ን ከ1878 ጋር ደምሩ፤ 9393። ለ7 ስታካፍሉ 6 ይተርፋል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ እያላችሁ ስትቆጥሩ 6 እሑድ ላይ ይወድቃል። መስከረም 1 ቀን 2015 እሑድ ነበር። በስልካችሁ አረጋግጡ።

ይህ ማካፈልና ቀሪ መያዝ ፕሮግራመር በየቀኑ የሚጽፈው ነገር ነው። መሪጌታ በቃላቸው የሚያሰሉትን «ሲስተሙ አይችልም» የሚል መሐንዲስ ሳይ አዝናለሁ። ይችላል! ክሮምና ፋየርፎክስ ውስጥ ራሱ የኢትዮጵያ ቀን አቆጣጠር ተሠርቶ ገብቷል፤ አንድን ቀን በእኛ አቆጣጠር አሳይ ብሎ ማዘዝ አንድ መስመር ነው። የጎደለው ቀን ማስገቢያው ነው። ሳጥኑን ስትነኩት የሚከፈተው የፈረንጅ ወር ነው። እሱን እኛ መሥራት አለብን። ወሮቹ 13 ይሁኑ። 12 ወር ብቻ ያለው ዝርዝር ሠርታችሁ ጳጉሜን የተወለደ ሕፃን ነሐሴ 30 ተወለደ እንዳታስብሉት።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ከጳጉሜን 6 በኋላ የሚመጣው ዓመት ፈተናው ነው። በ2016 ገና የዋለው ታኅሣሥ 29 ሳይሆን ታኅሣሥ 28 ነው። ጥምቀት ጥር 11 በፈረንጁ ጃንዋሪ 20 ላይ ዋለ፣ እንደሌላው ዓመት 19 ላይ አይደለም። ቀጣዩ ጳጉሜን 6 በ2019 ነው። መቀየሪያችሁን በእነዚህ ቀኖች ካልፈተናችሁ ሠርቷል አትበሉ።


የጅማ_ልጅ

ሁሉንም አነበብኩ። ስለ ግዕዝ ፊደል የተባለው ልክ ነው፣ ግን ነገሩ አማርኛ ላይ እንዳይቆም። በቁቤ ሲጻፍ መሀሉ ላይ ሁዻ ያለበት ስም ብዙ ነው፤ ያቺ ከላይ የምትደረግ ጭረት። ያቺ ጭረት ስሙ ውስጥ ስትገባ «የማይፈቀድ ምልክት» ብሎ የሚመልስ ፎርም አይቻለሁ። ሰውየው ጭረቷን አጥፍቶ ይጽፋል። ከዚያ የልደት ምስክር ወረቀቱና የባንክ ደብተሩ አይገጥሙም። ኮደር፣ አንተ ስለ ወልደገብርኤል ያልከው በትክክል እኛም ጋ አለ። ለጨረታ የሚሆን ገጽ ስታዘጋጁ ይህን አትርሱት።


ኮደር_ከጉለሌ

አልረሳውም ወንድሜ። ብዙ ፕሮግራመር ያቺን ምልክት የሚያግደው ዳታቤዙን ሰብሮ የሚገባ ሰው እንዳይጠቀምባት ፈርቶ ነው። መከላከያው ግን ምልክቷን ማገድ አይደለም፤ ለዳታቤዙ የሚሰጠውን ትእዛዝና ሰውየው የጻፈውን ዳታ ለይቶ መላክ ነው። ይህ የታወቀ አሠራር ነው። ስለዚህ «ለደኅንነት ነው» የሚል ሰበብ አትቀበሉ።


እናቴን_የማነብላት

አንድ ጥያቄ ብቻ። የባንክ መልእክት ለምን በእንግሊዝኛ ይመጣል? እናቴ መልእክት በመጣ ቁጥር ስልኩን ይዛ ጎረቤት ትሄዳለች። ያላትን ገንዘብ መንደሩ ሁሉ አወቀው።


ኮደር_ከጉለሌ

ሒሳቡ ይህ ነው። አንድ አጭር የጽሑፍ መልእክት 140 ባይት ይይዛል፤ 1120 ቢት ማለት ነው። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 7 ቢት ይወስዳል፣ ስለዚህ 160 ፊደል ይገባል። በአጭር መልእክት ደግሞ አሠራሩ ከዩቲኤፍ ስምንት ስለሚለይ የግዕዝ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል፣ የሚገባው 70 ብቻ ነው። «ከሒሳብዎ ይህን ያህል ብር ወጪ ሆኗል፣ ቀሪ ሒሳብዎ ይህን ያህል ነው» ብለህ ቀንና ቁጥር ስትጨምርበት 70 ያልፋል። ያኔ እንደ ሁለት መልእክት ይቆጠራል፣ ላኪው እጥፍ ይከፍላል። በሚሊዮን ሲባዛ ትልቅ ገንዘብ ነው። ምክንያቱ ይገባኛል።

ግን መፍትሔ አለው። ግዕዝ አንድን ቃል ከላቲኑ ባነሰ ፊደል ይጽፋል። «ወጪ» ሁለት ፊደል ነው። «ወጪ 500 ብር። ቀሪ 2,300 ብር። መስከረም 12።» ቆጥረው፤ 70 አይሞላም። ምስጋናውንና ማስታወቂያውን ትተው ለእናትህ የሚያስፈልጋትን ብቻ ቢጽፉ በአንድ መልእክት ያልቃል። የገንዘብ ምስጢር የራሷ ጉዳይ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 እያለን እናቶቻችን የሒሳባቸውን ቀሪ በጎረቤት አፍ መስማታቸው ትክክል አይደለም።


ሸገር_ሹፌር

ዴቨሎፐር አይደለሁም፣ ሹፌር ነኝ። እንዳነበብኩት የረሳችሁት ኔትወርኩን ነው። ነዳጅ ልቀዳ ተሰልፌ ተራዬ ሲደርስ ኔትወርክ ሲጠፋ ገንዘቡ ኪሴ ውስጥ እያለ አልቀዳም። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ይጠብቃል።

ሰኔ 2012 ከሃጫሉ ግድያ በኋላ ኢንተርኔት ለሳምንታት ሲዘጋ በስልክ መተግበሪያ እየተጠራ የሚሠራ መኪና ቆመ። ዛሬ ያኔ ከነበረው በላይ ብዙ ነገር በኢንተርኔት ነው። ቢዘጋ ምን እንደምንበላ አላውቅም።


ቀጥተኛ_ነገር

የአገር ደኅንነት ሲመጣ ኢንተርኔት ይዘጋል። ሰው ከሚሞት ለጥቂት ጊዜ ሥራ ቢቆም ይሻላል። የጥላቻ ወሬ በደቂቃ አገር ያቃጥላል፤ አይተነዋል።


ኮደር_ከጉለሌ

ወሬ እንደሚያቃጥል አልክድም። ያየነው ነገር ያስፈራል። ግን ምን እንደሚዘጋ በደንብ እንይ። ሲዘጋ የሚቆመው ወሬው ብቻ አይደለም። የሆስፒታል ሪፈራል፣ የደመወዝ ክፍያ፣ ከውጭ ለእናት የሚላክ ገንዘብ፣ የተማሪ ምዝገባ አብሮ ይቆማል። በ2009 እና በ2011 ለፈተና ሲባል ተዘግቷል። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ስልክም ኢንተርኔትም ባንክም አጥቶ ኖረ። አማራ ክልል ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ ለረጅም ጊዜ የሞባይል ዳታ ተቋርጦበት ነበር። በእነዚህ ጊዜያት ቤተሰቡ ሞተ ወይ ኖረ ብሎ ስልክ ይዞ ያለቀሰ ሰው እዚህ መድረክ ላይ አለ። እሱ ወሬ አላቀጣጠለም።

መንግሥት በአንድ እጁ «ሁሉን ነገር በስልክ ክፈሉ» ብሎ በሌላ እጁ መስመሩን ሊቆርጥ አይገባም። አገልግሎትን ዲጂታል ማድረግ ቃል መግባት ነው። መስመሩ ሲቆረጥ ደግሞ ማን እንዳዘዘ፣ በየትኛው ሕግ፣ እስከ መቼ የሚለው በይፋ መነገር አለበት። ይህን መጠየቅ አገር መጥላት አይደለም።

ከእኛ ከባለሙያዎቹ የሚጠበቅም አለ። ያለ ኔትወርክ የማይሠራ ነገር ለዚህ አገር ያልተሠራ ነገር ነው። ምዝገባ ከሆነ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥ፣ መስመር ሲመለስ ራሱ ይላክ። ሁለት ቦታ የተለያየ ነገር ከተጻፈ የትኛው እንደሚጸና አስቀድሞ ይወሰን። መብራት የሚጠፋበት፣ ኔትወርክ የሚቆራረጥበት አገር እንደምንኖር እያወቅን ቢሮ ውስጥ ፈጣን ዋይፋይ ላይ ሞክረን «ሠርቷል» ማለት ተገቢ አይደለም።


መንግሥት_ቤት

ስለ ፋይዳ አንድ ልበል። አሥሩንም ጣት፣ ዓይንና ፊት ነው የሚመዘግበው። ይህ ትክክል ነው። ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ሲሚንቶ ሲያቦካ የኖረ ሰው የጣት አሻራው ይጠፋል። አሻራ ብቻ የሚጠይቅ ቦታ ላይ ሠራተኛው «እንደገና ጫን፣ ጠንከር አድርገህ ጫን» ሲለው ሰውየው ሌባ የተባለ ያህል ይሸማቀቃል። ስለዚህ ምዝገባው ሦስት መንገድ ካለው ማረጋገጫውም ሦስት መንገድ ይኑረው። ባንክም ሌላም አሻራ ማንሻ ብቻ ገዝቶ መቀመጥ የለበትም።


አራተኛ_ዓመት

ሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የክሊኒክ ምዝገባ ነው። ይህን ሁሉ ሳነብ ፈራሁ፤ ክፍል ውስጥ አንዱንም አልተማርንም። ከቡድናችን ጋር ምን ምን ብለን እንፈትነው?


የቆሎ_ተማሪ_ነበርኩ

ልጄ፣ አትፍራ፣ ጥሩ ጊዜ ላይ ነው የጠየቅከው። የውሸት ታካሚዎች መዝግብ። አንዷ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 የተወለደች ትሁን፤ ሲስተማችሁ ወደ ፈረንጅ ሲቀይረው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ካላለ ስህተት አለ። አንዱ ወልደገብርኤል ገብረመድኅን ወልደሚካኤል ይባል፤ ስሙ ሳይቆረጥ መታተም አለበት። አንዷን «ፀሐይ» ብለህ መዝግብና «ጸሃይ» ብለህ ፈልጋት። የአያቱን ስም የማያውቅ ሰው አስገባ። የልደት ዓመቱን ብቻ የሚያውቅ ሰውም አስገባ፤ ቀኑንና ወሩን ባዶ ትቶ ማለፍ መቻል አለበት፣ የውሸት ቀን አትሙላለት። ቁቤ ስም ከነሁዻው ጻፍ። ከዚያ ዋይፋዩን አጥፍተህ ሌላ ሰው መዝግብ።

የሌሊቱን ነገር ደግሞ ተጠንቀቅ። «ማክሰኞ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የተወለደ» ስትባል የእኛ ሰው ማክሰኞ ማታ የጀመረውን ሌሊት ሊሆን ይችላል የሚልህ፣ ለኮምፒውተሩ ያ ረቡዕ ነው። መዝጋቢዋ ሌሊቱ ወደ የትኛው ቀን የሚነጋ እንደሆነ የምትጠይቅበት ቦታ ፎርሙ ላይ ይኑር።


ካርድ_ክፍል

መንታዎችን ጨምሩ! አባታቸው አንድ፣ አያታቸው አንድ፣ የልደት ቀናቸው አንድ፣ ስልካቸው የእናታቸው። ሁለተኛውን ልጅ ስመዘግብ «ይህ ሰው ተመዝግቧል» ይለኛል። ሕፃኑ ክትባት ሳይመዘገብለት እንዳይሄድ ብዬ ስሙ ላይ ነጥብ ጨምሬ አስገባሁት። አሁን ያ ልጅ ከነነጥቡ ነው የሚኖረው።


አራተኛ_ዓመት

እትዬ፣ ማታ ቡድኑን ሰብስቤ መንታዎቹን አስገባቸዋለሁ። «ተመዝግቧል» ብሎ ከመመለስ ይልቅ የተገኘውን ሰው አሳይቶ «ይህ ነው ወይስ ሌላ ሰው ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ እናደርገዋለን። ውሳኔው የመዝጋቢዋ ይሆናል። በቃ እንዲህ ነው?


ኮደር_ከጉለሌ

እንዲህ ነው። «ሌላ ሰው ነው» ስትል ማን እንዳለና መቼ እንዳለ ይመዝገብ። የስም ፍለጋውን ኮድ በውስጥ መልእክት ልኬልሃለሁ፤ የጎደለ ፊደል ካገኘህ መልሰህ ላክልኝ። መንግሥት_ቤት፣ የጨረታውን ገጽ አንተ ጀምረው፣ የቴክኒኩን ክፍል እኔ እሞላለሁ።